የአባይ ልጅ ፎቶ ጠማው

ውርርዱ ቀላል ይመስል ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ዝናቡ አላስወጣ ብሎን ማኪያቶ ላይ ተኮልኩለን ሳለ ከመካከላችን አንዱ ጥያቄ ጣለ። ከአብዮቱ በፊት፣ ማለትም ከ1966 ዓ.ም. በፊት፣ አባይ ላይ የተነሳና ውስጡ ያለው ሰው ስም የሚታወቅ አንድ ፎቶ ማን ያመጣል? ሁለት ገደብ ነበረው። ሰውየው ንጉሥ፣ ራስ ወይም ደጃዝማች መሆን የለበትም። ፈረንጅም መሆን የለበትም። ያመጣ ክትፎ ይጋበዛል።

ሁላችንም «ይህቺማ አለቀች» አልን። አባይ እኮ ነው! የተዘፈነለት፣ የተፎከረበት፣ ከደመወዝ ተቆርጦ ቦንድ የተገዛለት አባይ! አንድ ፎቶ ይጠፋል እንዴ?

ሁለት ወር ፈጀብን። በመጨረሻ ያገኘነውን ከመናገራችን በፊት ያላገኘነውን እንንገራችሁ። ንዴታችን ያለው እዚያ ላይ ነውና።

ሜትር የሆነው ሰው

የናይልን የቆዩ ፎቶዎች የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጋጨው ከግብፅ ጋር ነው። ማክሲም ዱ ካም የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1849 ከደራሲው ጉስታቭ ፍሎቤር ጋር ግብፅ ገባ። በጀልባ ናይልን ሽቅብ እየወጣ እስከ ኑቢያ ድረስ ቤተ መቅደሶችንና ሐውልቶችን ፎቶ አነሳ። በ1852 ፓሪስ ላይ 125 ፎቶዎች ያሉት መጽሐፍ አወጣ። ከእሱ በኋላ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ፍሪዝ ከ1856 እስከ 1860 ባለው ጊዜ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ትልልቅ የመስታወት ኔጌቲቭ ተሸክሞ ያንኑ መንገድ ደገመው። ከዚያ ወዲያ ፖስትካርዱ ጎረፈ። «ናይል» ሲባል ዓለም ፒራሚድ፣ የቴምር ዛፍና ባለ ነጭ ሸራ ጀልባ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ግብፅ ከሚደርሰው ውሃ 85 ከመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ ይሄዳል ብለን ጉሮሯችን እስኪነቃ ብንጮህ፣ እነሱ 170 ዓመት የተከማቸ ፎቶ አላቸው። እኛ ያለን ጩኸት ነው።

ግን ወደ ኢስማኤል እንምጣ። የዱ ካምን ፎቶዎች ልብ ብላችሁ ካያችሁ፣ ከግዙፉ ድንጋይ ሥር ወይም ከሐውልቱ ትከሻ ላይ አንድ ትንሽ ሰው ይታያል። ሐጂ ኢስማኤል ይባላል። የጀልባዋ ሠራተኛ ነበር። ዱ ካም እዚያ የሚያስቀምጠው የሐውልቱ ቁመት እንዲታወቅለት ነው። በአጭሩ ሰውየው ሜትር ነበር። እንዳይነቃነቅበት ደግሞ ዘዴ አገኘ። የካሜራው የነሐስ ቱቦ መድፍ ነው፣ ከተንቀሳቀስክ ይተኩስብሃል ብሎ አስፈራራው። ይህን የነገረን ራሱ ዱ ካም ነው፤ እንደ ቀልድ ጽፎታል።

ስናነበው እኛም ሳቅን። ቀጥሎ ዝም አልን። ምክንያቱም እስከዚያ ቀን የሰበሰብናቸውን የእኛን የአባይ ፎቶዎች መለስ ብለን ስናያቸው፣ ኢስማኤል በሁሉም ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

በእኛ በኩልስ ማን አነሳ?

በ1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር መቅደላን ሊወጋ ሲመጣ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ካሜራ ይዘው መጡ። ዋናው ሥራቸው ለጦሩ ካርታና ንድፍ ማባዛት ነበር። እግረ መንገዳቸውን ግን ተራራውን፣ ሸለቆውን፣ ሰፈሩን አነሱ። መቅደላ ከበሽሎ በላይ ነች፤ በሽሎ ደግሞ የአባይ ገባር ነው። እንግዲህ ከአባይ ተፋሰስ ከወጡት ቀደምት ፎቶዎች ጥቂቶቹ የወራሪ ጦር ዕቃ ናቸው ማለት ነው።

ቀጥሎ ሜጀር ቺዝማን አለ። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ነበር። በበቅሎና በእግር እየዞረ አባይንና ጣናን ካርታ ላይ አሰፈረ፤ በ1936 ስለዚሁ ባለፎቶ መጽሐፍ አሳተመ። ለሰውየው ምስጋና አንነፍገውም። እሱ ባይደክም ስለዚያ ዘመን አባይ የምናውቀው በጣም ያንስ ነበር። ሰው የራሱን ወንዝ ለማየት የሌላ አገር ቆንስልን መጽሐፍ ሲገልጥ ግን ትንሽ ሊከነክነው ይገባል።

ከዚያ ፋሺስት ኢጣሊያ መጣ። ሉቼ የሚባለው የመንግሥቱ የፊልምና የፎቶ ተቋም ወረራውን እየተከተለ አገሩን በካሜራ አዳረሰው። ዓላማው «ሥልጣኔ አመጣንላቸው» ለማለት ነበር። ማኅደሩ ዛሬም ሮም ነው።

ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ዤራር እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1935 ድረስ ያሉትን የኢትዮጵያ ፎቶዎች አሰባስበው በ1996 ትልቅ መጽሐፍ አውጥተዋል። ባለውለታዎቻችን ናቸው። መጽሐፉ ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ የታተመውም ለንደን ነው። የባለጉዳዩ የልጅ ልጅ ደጀን ላይ በግ እየጠበቀ ነው።

በእነዚህ ሁሉ ፎቶዎች ላይ ያለው ሰው ማን ነው? እኛ ያየናቸው መግለጫዎች «የአገሬው ሰው»፣ «ገበያተኞች»፣ «ታንኳ ቀዛፊ» ይላሉ። ስም የለም፣ አባት የለም፣ አገር የለም። ሜትር ነዋ! ሜትር ስም አይጠየቅም።

እኛስ ምን አደረግን?

እስካሁን ያላችሁ ነገር «ፈረንጅ በደለን» የሚል ከሆነ ተሳስታችኋል። ጠባችን ከፈረንጅ ጋር አይደለም። ፈረንጅማ ለራሱ ጉዳይ መጥቶ ለራሱ አነሳ። ጠባችን ከእኛው ጋር ነው።

ጢስ አባይን ውሰዱ። በ1969 ዓ.ም. የወጣው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ነበር። ካላንደር ላይ አለ፣ ሆቴል ግድግዳ ላይ አለ፣ የፀጉር ቤት መስታወት ላይ አለ። ከዳር እስከ ዳር 400 ሜትር ያህል የሚሞላው ያ ጢሳም ውሃ። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ አባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን አብዛኛው ውሃ በቦይ ወደ ተርባይኑ ሄደ። በበጋ የሄደ ሰው የሚያየው ጥቂት ቀጭን ክር ነው። ኤሌክትሪክ አይምጣ አላልንም። ያልነው ሌላ ነው። የድሮው ፎቶ ዛሬም ቀን ሳይጻፍበት ካላንደር ላይ ይታተማል። ቱሪስቱ እሱን አይቶ ይመጣል፣ ክሩን አይቶ ይመለሳል። ቀን ያልተጻፈበት ፎቶ እንዲህ ነው፤ ትናንት እውነት የነበረው ዛሬ ውሸት ይሆናል።

ጣናን ውሰዱ። የደንገል ታንኳ የሌለበት የባሕር ዳር ፖስትካርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ታንኳውን በመሥራት ከጥንት የሚታወቁት ነገደ ወይጦ ናቸው። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ከሐይቁ ዳር ከቦታ ቦታ ሲገፉ የኖሩ፣ በጎረቤታቸው ሲናቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ፖስትካርዱ ላይ ታንኳዋ አለች፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅ አለች፣ ቀዛፊው ጥቁር ጥላ ሆኖ አለ። ፊቱ የለም። ይህን ያነሳው ፈረንጅ ነው እንዳንል ፖስትካርዱን የምናትመው እኛ ነን።

ድልድዩን ደግሞ ውሰዱ። ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ለተመላለስን ሰዎች የአባይ በረሃ ማለት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ካሜራ ያላችሁ ዝጉ!» ልጅ ሆነን ረዳቱ ሲጮህ ተሳፋሪው ሁሉ ቀጥ ይላል። ጥበቃዎቹ ወደ መስኮቱ ያያሉ። የሚወደውን ወንዝ የሚሻገር ሕዝብ እንደ ሌባ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይሻገራል። ለድልድዩ ደኅንነት ነው ይባላል። ደኅንነቱን አንጠላም። ግን ድልድዩን ከሰማይ በሳተላይት የሚያይ ጠላት ባለበት ዘመን እንኳ የተከለከለው ጠላት አልነበረም፤ የሞጣዋ ሴትዮ ከልጇ ጋር «አባይ ላይ» ብላ የምታስቀምጠው አንድ ፎቶ ነው። ለውርርዳችን የምንፈልገው ፎቶ ለምን እንደጠፋ ገባችሁ? ገና ሳይነሳ ነው የጠፋው።

ከዚያ ማኅደር ፍለጋ ወጣን። ስሙን የማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት «የቆዩ ፎቶዎች በብዛት አሉ» ተብለን ሄድን። መጀመሪያ ደብዳቤ አምጡ ተባልን። አመጣን። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። ጠበቅን። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ደግ ሠራተኛ እውነቱን ነገሩን። ፎቶዎቹ ካርቶን ውስጥ ናቸው፣ ካርቶኖቹ ምድር ቤት ናቸው፣ አልተመዘገቡም፣ ቁልፉ ያላቸው ሰው ጡረታ ወጥተዋል። «እኔም አይቻቸው አላውቅም ልጆቼ» አሉን። ሴትዮዋን አንቀየማቸውም። የምንቀየመው፣ ሕዝብ እንዳያየው የተቆለፈበትን ካርቶን «ቅርስ ጥበቃ» ብሎ የሚጠራውን አሠራር ነው። ምስጥ ሲበላው ከቆየ በኋላ ማን ይጠየቃል? ማንም። ያልተመዘገበ ነገር አይጠፋማ!

ኢንተርኔት ላይ ያለው ደግሞ የባሰ ነው። አንድ ሰው ከየት እንዳመጣው ሳይናገር ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይለጥፋል። «አባይ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን» ይላል። ሺህ ሰው ያጋራዋል። ፎቶው ውስጥ ጭነት መኪና ቆሟል! ሌላው ያንኑ ፎቶ ወስዶ «ባሮ» ይለዋል፣ ሦስተኛው «ተከዜ» ይለዋል። ያነሳው ሰው ስም ተቆርጦ በምትኩ የለጣፊው ገጽ ስም በትልቁ ይጻፍበታል። ዱ ካም እንኳ የኢስማኤልን ስም አስቀርቶልናል።

«ዳቦ ሳይኖር ፎቶ?»

ይህን ጥያቄ እንደምታመጡት እናውቃለን። አንድ ዘመዳችንም ያለን ይህንኑ ነው። «ሕዝቡ የሚሻገርበት ድልድይ የለው፣ እናንተ የፎቶ ያለህ ትላላችሁ» አለ። እንግዲህ የሰባራ ድልድይን ታሪክ ስሙ።

ከሞጣ ወዲያ ማዶ፣ ጎጃምንና በጌምድርን የሚያገናኝ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ አለ። በአምስቱ ዓመት ወረራ አርበኞች የጣሊያን ጦር እንዳይሻገርበት መካከሉን አፈረሱት። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሰባራ ድልድይ ሆነ። ጣሊያን ወጣ፤ ስብራቱ ግን አልተጠገነም። ሰው በገመድ ይሻገር ጀመር። በዚህ በኩል ያሉት ወንዶች፣ በዚያ በኩል ያሉት ወንዶች ገመዱን ይይዛሉ፤ ተሻጋሪው ወገቡ ላይ ታስሮ ከገደሉ በላይ ተንጠልጥሎ ይጎተታል። ለገበያ፣ ለለቅሶ፣ ለሕክምና። 60 ዓመት ያህል!

እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ የዚህ የገመድ መሻገሪያ ፎቶ ወጣ። ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ በማግስቱ ዓመት ፎቶውን አየ። አላስችል አለው። ገንዘብ አሰባስቦ፣ ብረት በአህያ አስጭኖ፣ ከአካባቢው ሰው ጋር በ2002 ድልድዩን ጠገነው። ጥገናውን በኋላ ጎርፍ ቢወስደውም ተንጠልጣይ ድልድይ ተተካ። ሰውየው በዚያ ፎቶ ምክንያት ያቋቋመው ድርጅት በብዙ ድሃ አገሮች የእግረኛ ድልድይ ሲሠራ ኖሯል።

እስቲ አስቡት። ገመዱ 60 ዓመት እዚያው ነበር። አስተዳዳሪዎች ያውቁታል፣ ቄሶች ያውቁታል፣ ነጋዴ ያውቀዋል። ድልድዩን ያስጠገነው ግን አንድ ፎቶ ነው። ፎቶ ዳቦ አይሆንም ያላችሁ ወገኖች፣ ፎቶ ድልድይ ሆኖ አይተናል። የሚያሳፍረን ያ ፎቶ በእኛ መጽሔት ላይ በእኛ ሰው ካሜራ አለመውጣቱ ነው። ገመዱን የያዙት ሰዎች ስምም አሁንም አልደረሰንም።

ኑቢያና ጉባ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ።

ግብፅ የአስዋንን ታላቅ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1970 ስትሠራ የኑቢያ ምድር ከውሃ በታች ገባ። በግብፅና በሱዳን ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ኑቢያውያን ከአያት ቅድመ አያታቸው መንደር ተነስተው ሩቅ ቦታ ሰፈሩ። ዓለም ተረባርቦ አቡ ሲምበልን ቆራርጦ ከፍ ወዳለ ቦታ ሲያዛውር ለሰዎቹ ያንን ያህል አልተረባረበም። ድንጋዩ ከሰው በላይ ተከበረ። ይህ በደል ነው።

ሆኖም አንድ ነገር ተሠርቷል። ውሃው ሳይመጣ በፊት ካይሮ ያለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችን ልኮ የኑቢያውያንን አኗኗር አስጠና። ማሪያን ዌንዘል የምትባል ተመራማሪ በሱዳን ኑቢያ የየቤቱን የግድግዳ ሥዕልና ጌጥ መዝግባ መጽሐፍ አደረገችው። ቤቱ ሰጠመ፣ የቤቱ መልክ ግን ቀረ። ዛሬ አንድ የኑቢያ ልጅ «የአያቴ በር እንዲህ ነበር» ሊል ይችላል።

እኛስ? የታላቁ ህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ። በ2012 ክረምት የመጀመሪያው ሙሌት ተያዘ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ግድቡ የእኛም ኩራት ነው፤ ከእናቶቻችን መቀነት ወጥቶ የተሠራ ነው፣ ማንም ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ ፀረ ግድብ ነገር እንዳይፈልግ። ግን 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ባዶ ምድር ላይ አልተኛም። ጉባ ውስጥ በዚያ ሸለቆ ጉሙዞች ይኖሩ ነበር። ያርሱ ነበር፣ ያጠምዱ ነበር፣ ወርቅ ያጥቡ ነበር፣ ሙታናቸውን ይቀብሩ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተነስተዋል።

የሲሚንቶው ፎቶ አለን። የክሬኑ አለን። የተርባይኑ፣ የኢንጂነሮቹ፣ የጎብኚ ባለሥልጣናት የራስ ቁር አድርገው የተነሱት በሽ በሽ ነው። ከውሃ በታች የገቡትን መንደሮች ስም፣ የነዋሪዎቹን ፊትና ስም ይዞ ለሕዝብ ክፍት የሆነ አልበም ግን ፈልገን አላገኘንም። አንዱ ቢሮ ካርቶን ውስጥ ካለ ደስታውን አንችለውም። አውጡት!

ይህን የምንለው በግድቡ ስለምንኮራ ነው። ለአገር ሲባል ቤቱን የለቀቀ ሰው ቢያንስ ቤቱ እንደነበረ የሚመሰክር ወረቀት ይገባዋል። አለበለዚያ ከ50 ዓመት በኋላ የልጅ ልጃችን የግድቡን ፎቶ ሲያይ ከግድግዳው ሥር አንድ ትንሽ ሰው ያያል። የግድቡ ቁመት 145 ሜትር መሆኑን ለማሳየት የቆመ። ኢስማኤል እንደገና።

ምን ይደረግ ነው የምትሉ?

ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አላልንም። ካርቶን ያላችሁ መሥሪያ ቤቶች ካርቶኑን ክፈቱ፤ መጀመሪያ ዝርዝሩን ብቻ አውጡ። ወጣቱ በነጻ ስካን ያደርግላችኋል፣ እኛ አራታችን ነገውኑ እንመጣለን። ለንደንና ሮም ላሉት ማኅደሮች ቢያንስ ጥራት ያለው ዲጂታል ቅጂ ስጡን ተብሎ በወግ ይጠየቅ። ካላንደር የምታትሙ ነጋዴዎች ቦታና ዓመት ጻፉበት፤ ቀለሙ አያልቅባችሁም። ንጋት ሐይቅ ዳር ለሚሄዱ ጋዜጠኞች ደግሞ አደራ አለን፦ ሌንሱን ከግድግዳው ወደ ተነሺዎቹ አዙሩት። ስማቸውን ጠይቁ። የአባታቸውን ስም ጠይቁ። መንደሩ የት እንደነበር ጠይቁ። ይህንንማ የአንደኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪም ያውቀዋል፤ ማን፣ የት፣ መቼ ማለት ነው።

ውርርዱስ?

አንዳችን አሸነፈ። ፎቶው የተገኘው ማኅደር ውስጥ አይደለም፣ ሮምም አይደለም። ሸኖ ያሉ አክስቱ ጋ፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። የእጅ መዳፍ የምታህል ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነች። አንድ ወጣት የጭነት መኪና ረዳት ካቦርቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መኪናው ጭቃ መከላከያ ላይ ቆሟል። ከኋላው የአባይ በረሃ ቁልቁል ይወርዳል፤ ወንዙ እንደ ክር ይታያል። ድልድዩ የለም፣ ከክልከላው ርቀው ነው ያነሱት።

ጀርባው ላይ በሰማያዊ ቢክ «ለውድ እናቴ ለመታሰቢያ ይሁንዎ። አባይ በረሃ፣ ታኅሣሥ 1959» ይላል። ከሥሩ ስሙና የአባቱ ስም። ስሙን እዚህ ያልጻፍነው እትዬ ቤተሰቡን ሳላማክር አይሆንም ስላሉን ነው። ልክ ናቸው። ስም የባለቤቱ ነው፤ የሚሰጠውም የሚከለክለውም እሱ ነው፣ የካሜራው ባለቤት አይደለም።

ፎቶውን እንዋስዎ ብንላቸውም እምቢ አሉ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ፊቱንም ጀርባውንም አነሳነው። ስንወጣ እትዬ ቆርቆሮውን እየከደኑ፣ «የናንተ ስልክ ውስጥ ያለው ሁሉ ጀርባ አለው?» ብለው ጠየቁን።

መልስ አልነበረንም። ክትፎውን ከመብላታችን በፊት ግን ስልካችንን አውጥተን መጻፍ ጀመርን።